እንቁራሪት ጭቃ ውስጥ እየኖረች ቁስሏ ለምን አያመረቅዝም?

የሐይቁ ልጅ፦ ሰላም የሀዋሳ ልጆች! ሐይቁ ዳር እንቁራሪቶቹን ሳይ ይገርመኛል። ያ ሁሉ ጭቃ ውስጥ እየዋሉ ቢቧጨሩም ምንም አይሉም። እኔ ብሆን ስንት መርፌ ተወግቼ! የሚያውቅ አለ?

ባዮ ተማሪ፦ አለ እንጂ። ማይክል ዛስሎፍ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ይቺኑ ጥያቄ ይዞ ነው በ1987 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ እንቁራሪት ቆዳ ማጋይኒን የሚባሉ ፔፕታይዶችን ማግኘቱን ያሳወቀው። ፔፕታይድ አጭር የአሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) ሰንሰለት ነው። እነዚህ ፖዘቲቭ ቻርጅ አላቸው፣ የባክቴሪያው ሽፋን ደግሞ ኔጋቲቭ ስለሆነ ሄደው ይለጠፉበታል፣ ከዚያ ይበሱታል፣ የውስጡ ፈስሶ ይሞታል። የእኛ ሴል ውጪው ያን ያህል ኔጋቲቭ አይደለም፣ ኮሌስትሮልም አለው፣ ስለዚህ ብዙም አይነኩትም።

የሐይቁ ልጅ፦ እኛስ ታዲያ ተረሳን?

ሲስተር፦ ኧረ አልተረሳንም። እኛም የራሳችን ጀርም ገዳይ ፔፕታይዶች አሉን፦ ዲፌንሲን አለን፣ ኤል ኤል 37 አለን (37 የተባለው 37 አሚኖ አሲድ ስላለው ነው)። ቆዳ፣ አንጀት፣ ነጭ የደም ሴል ውስጥ ይገኛሉ፤ ጀርሙን ከዚህ በፊት ባያውቁትም ወዲያው ይነሱበታል። ቫይታሚን ዲም የኤል ኤል 37ን ምርት ያነሳሳል። ግን ወንድሜ፣ እሱን ተማምነህ ቁስልህን ሳትታጠብ እንዳትቀር፣ የቴታነስ ክትባትህንም አትርሳ!

ጎረቤት፦ ታዲያ ለምን ቅባት አያደርጉትም?

ባዮ ተማሪ፦ ተሞክሯል። ከማጋይኒን የተሠራ የስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል ቅባት ነበር፣ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ1999 እ.ኤ.አ. አልፈቀደም። በዚያ ላይ ፔፕታይዶች ሰውነት ውስጥ ቶሎ ይሰባበራሉ፣ ማምረቻቸውም ውድ ነው።