በባሕር ዳርቻ ወራሪ እንስሳትን ስናስወግድ ከየትኛው እንጀምር?

ጥያቄ፦
መሬት ላይ ጎጆ የሚሠሩ የባሕር ወፎች በሚራቡበት አንድ የባሕር ዳርቻ፣ ሰው ያመጣቸው ድመቶችና አይጠ መጎጦች ጫጩቶቹን እየፈጇቸው ነው። ድመቶቹ ጥቂት ስለሆኑ በወጥመድ ቶሎ ሊያዙ ይችላሉ፤ በአይጠ መጎጦቹ ላይ የሚደረገው ዘመቻ ግን ረጅም ዝግጅት ይጠይቃል። ድመቶቹን ማስቀደም ተገቢ ነው ወይስ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማስወገድ ይሻላል?

መልስ 1፦
ድመቶቹን ብቻ አስወግደው ለዓመታት እንዳይቆዩ እመክርዎታለሁ። በኒውዚላንድ ሊትል ባሪየር በተባለችው ደሴት ድመቶች እ.ኤ.አ. በ1980 ከተወገዱ በኋላ፣ ኩክ ፔትረል የተባለው የባሕር ወፍ ጫጩት የማሳደግ ስኬቱ በደሴቲቱ ከፍተኛ ቦታዎች ላይ ጭራሽ ቀነሰ፤ ድመት ይቆጣጠራቸው የነበሩት አይጠ መጎጦች እንቁላሉንና ጫጩቱን ያለ ከልካይ ይበሉ ነበርና። ሁኔታው የተሻሻለው እነርሱም በ2004 ከጠፉ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ ድመት ትልልቆቹንም ወፎች ስለሚገድል፣ ይቆይ ማለቴ አይደለም።

መልስ 2፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን የጠየቁት ስለ ደሴት ሳይሆን ከየብስ ጋር ስለተያያዘ ዳርቻ ከሆነ፣ ከቅደም ተከተሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ተመልሰው መግባታቸው ነው። በዚያው በኒውዚላንድ ለጥናት የተለቀቀ አንድ አይጠ መጎጥ 400 ሜትር ያህል ባሕር ዋኝቶ ሌላ ደሴት ገብቷል፣ እስኪያዝም ከአራት ወር በላይ አድክሟል። በየብስ በኩል አጥር ቢያጥሩም፣ አጥሩ ባሕሩ ዳር የሚያልቅበት ጫፍ የባሕሩ ውኃ በሚሸሽበት ሰዓት ክፍት በር ስለሚሆን፣ ወጥመዶችዎን እዚያ ላይ ያብዙ።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አይጠ መጎጦቹን ለማጥፋት የሚደረገው መርዝ ወፎችን አይጎዳም?

መልስ 1፦
ይጎዳል እንጂ። የአውስትራሊያ በሆነችው በማኳሪ ደሴት አይጠ መጎጦችንና ጥንቸሎችን ለማጥፋት በ2010 መርዝ በተረጨ ጊዜ፣ የሞቱ ጥንቸሎችን ሥጋ የበሉና መርዙንም በቀጥታ የለቀሙ የባሕር ወፎች ሞተዋል፤ ስለዚህ በቀጣዩ ዓመት መርዙ ከመረጨቱ በፊት ጥንቸሎቹን ብቻ የሚገድል ቫይረስ ተለቅቆ ቁጥራቸው እንዲቀንስ ተደረገ። እርስዎ ግን ቦታው ትንሽ ከሆነ ከመርጨት ይልቅ፣ አይጠ መጎጥ ብቻ በሚገባበት ሣጥን ውስጥ መርዙን አስቀምጠው፣ ሬሳውን በየዕለቱ እንዲያነሱ፣ ወቅቱም ወፎቹ እንቁላል የማይጥሉበት እንዲሆን እመክራለሁ።