እንዶድ ወይስ ክኒን? የዶክተር አክሊሉ ለማ ጥናት ዛሬም ይሠራል?

የባዮሎጂ መምህር፦
ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተገኙ። ቢልሃርዚያ የተባለው የትል በሽታ ደግሞ ያለ ቀንድ አውጣ አይተላለፍም። ከዚያ በኋላ ለአምስት ዓመት የዓድዋ ወንዞች በእንዶድ ሲታከሙ፣ በትንንሽ ልጆች ላይ የነበረው በሽታ ከ50 ወደ 7 በመቶ ወረደ። ታዲያ ዛሬ ለምን ክኒን ብቻ እናድላለን? እኔ ወደ እንዶድ እንመለስ ባይ ነኝ።

ጤና መኮንኗ፦
መምህር፣ በአክብሮት አልስማማም። ወንዝ ስላከምን የታመመው ልጅ አይድንም። ትሉ ያለው አንጀቱ ዙሪያ ባሉት የደም ሥሮች ውስጥ ነው። እዚያ ድረስ ገብቶ የሚገድለው ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ነው። እሱንም ሜርክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በነፃ ይሰጣል። እንዶዱንስ ማን ይለቅማል? ማን ያደርቃል፣ ማን ይፈጫል? መጠኑን ለክቶ ውሃው ውስጥ የሚጨምረውስ? ዓድዋ ላይ ይህን የሚከታተል የተመራማሪ ቡድን ነበር። በየወረዳው ግን የለም።

የጣና ልጅ፦
እንዶድ ዓሣም ይገድላል። እኛ ጋ ዓሣ እንጀራ ነው። ሐይቅ ላይ እንዳታስቡት!

የባዮሎጂ መምህር፦
ሐይቅ አላልኩም፣ ወንድሜ። ልጆች የሚዋኙባትን፣ ልብስ የሚታጠብባትን የወንዝ ክፍል ነው የምለው። ዓሣውን በተመለከተ ልክ ነህ፤ ግን ከውጭ የሚገዛው የቀንድ አውጣ ማጥፊያ ኒክሎሳማይድም ዓሣ ይገድላል። እንዶድ በጥቂት ቀናት ውስጥ ኃይሉን ያጣል።
ጤና መኮንኗ፣ ክኒኑ ገና ያላደገውን ትል እንደማይገድል እርስዎም ያውቃሉ። ልጁ ዛሬ ይውጣል፣ ነገ እዚያው ወንዝ ይገባል፣ እንደገና ይያዛል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 መመሪያው ከክኒኑ ጎን ቀንድ አውጣን መቆጣጠርን መክሯል።

አዲስ አበቤ፦
አክሊሉና የጥናት ባልደረባቸው ለገሰ ወልደ ዮሐንስ እኮ እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ወስደዋል። የተመሰገነ ሥራ መደርደሪያ ላይ መቅረቱ ያንገበግባል።

እማማ ዓለም፦
ልጆቼ፣ እኛ በእንዶድ ስናጥብ ነው ያደግነው። መልቀሙንም መውቀጡንም ማንም አላስተማረን። አሁን ሁሉም ኦሞ ገዝቶ ያጥባል። ጤና መኮንኗ ሰው ከየት ይመጣል ትላለች። ሴቶቹን ጠይቂያቸው፣ እዚያው ወንዙ ዳር ናቸው።

ጤና መኮንኗ፦
እማማ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር፤ እውነትዎን ነው። ለመጠኑ ግን አሁንም የሚለካ ባለሙያ ያስፈልጋል። ሽንት ቤት በሌለበት ቀበሌ ደግሞ የትሉ እንቁላል ከሰገራ ጋር በየቀኑ ወንዙ ይገባል። በጀት ስጡኝ ብባል መጀመሪያ ሽንት ቤትና የቧንቧ ውሃ ነው የምጠይቀው።

የባዮሎጂ መምህር፦
እሱ እስኪመጣ ስንት ዓመት ይፈጃል? እስከዚያ አንድ ወረዳ ላይ ክኒንና እንዶድ አብረው ይሞከሩ፣ ጎረቤቱ ወረዳ ላይ ክኒን ብቻ። ልጆቹ በየዓመቱ ይመርመሩ። እርስዎ ያሉበት ወረዳ ፈቃደኛ ይሆናል?

ጤና መኮንኗ፦
ዓሣ የማይጠመድበት ወንዝ ከተመረጠ አለቆቼን እጠይቃለሁ።