የድራማ ሙዚቃ «የተበደረ ስሜት» ነው? የሐዋሳ ልጆች ክርክር

ታቦር ሥር፦
ትናንት ማታ በአንዱ ኤፍኤም የቀረቡትን የድራማ አዘጋጅ የሰማ አለ? «የድራማ ሙዚቃ የተበደረ ስሜት ነው» አሉ። ሰው የሚያለቅሰው ለታሪኩ ነው፤ ዜማው ከታሪኩ ተበድሮ ነው የሚያስለቅሰው፤ ስለዚህ ጣቢያዎች ለኦሪጅናል ሙዚቃ ከሚከፍሉ ኢንተርኔት ላይ ተሠርቶ የተቀመጠውን ገዝተው የተረፈውን ለተዋናይ ይስጡ። ጋዜጠኛውም አንድ ነገር ሳይጠይቅ «ድንቅ ሐሳብ» ብሎ ወደ ማስታወቂያ ሄደ። እስቲ ከፍቅር ሐይቅ እስከ መናኸሪያ በባጃጅ ይሂዱ! ካለቀ ስንት ዓመቱ የሆነ ድራማ መግቢያው ሲከፈት ተሳፋሪው አብሮ ያንጎራጉራል። የገጸ ባሕርያቱን ስም ጠይቁት፣ ግማሹን አያውቅም። አበዳሪው ሞቶ ተበዳሪው የሚኖርበት ምን ዓይነት ብድር ነው?

የፒያሳዋ፦
ተናደድክ እንጂ አልመለስክም። ያንኑ መግቢያ ድራማውን ላላየ ሰው አሰማው፤ «ጥሩ ነው» ብሎ ያልፋል። ያየው ግን ይተክዛል። ልዩነቱ ታሪኩ ነው። ሰውየው ያሉት ይህንኑ ነው።

ማሲንቆ መቺ፦
የፒያሳዋ፣ ይሄ ሕግሽ ለምን ሙሾ ላይ አይሠራም? ሟቹን ጭራሽ የማያውቅ ሰው አልቃሿ ስታወርደው እንባው ይመጣል። እሺ፣ ከለቅሶ ቤት እንውጣና ቅኝት እንይ። ትዝታ ሜጀር ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው። ሚን እና ላን ብቻ ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጊ፣ ሌላውን አትንኪ፤ ማይነሩ መጣ። ያው ዜማ፣ ያው ፍጥነት፣ ያው ክራር። የመጀመሪያው ሠርግ ላይ ይገባል፣ ሁለተኛው ስንብት ላይ። የተቀየረ ትዕይንት የለም፤ የተቀየሩት ሁለት ድምፆች ናቸው። ይህን ከየትኛው ስክሪፕት ተበደርነው?

የፒያሳዋ፦
ከድራማው ካልሆነ ከትዝታ ተበደራችሁት። ሰው ያንን ቅኝት ከናፍቆት ግጥም ጋር እየሰማ ነው ያደገው። አሁንም ብድር ነው፤ አበዳሪው ተቀየረ እንጂ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

ታቦር ሥር፦
ተረት መልስ ሆነ እንግዲህ 😄

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆች፣ ተረጋጉ። ማን ቀድሞ እንደመጣ የሚታወቅበት ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ፣ ትዊን ፒክስ። አቀናባሪው አንጄሎ ባዳላሜንቲ ፌንደር ሮድስ የሚባለው የኤሌክትሪክ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ፣ ዳይሬክተሩ ዴቪድ ሊንች ከጎኑ ሆኖ ጨለማ ጫካ፣ ነፋስ፣ ከዛፎቹ መሀል የምትመጣ ብቸኛ ልጅ እያለ ሲነግረው ነው የሎራ ፓልመር፣ የተገደለችው ልጅ፣ ዜማ በዚያው የወጣው። ያኔ ገና ምንም አልተቀረጸም ነበር። ዜማው ከታች በከባድ ማይነር ይጀምራል፤ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ ጫፍ ላይ ወደ ሜጀር ይከፈትና ተመልሶ ወደ ጨለማው ይወርዳል። ካሜራው ሳይነሣ ሐዘኑ ተሠርቶ ነበር። ታዲያ ማን ከማን ተበደረ?

የፒያሳዋ፦
መምህር፣ በእርስዎ ላይ መናገሬን ይቅር ይበሉኝና ምሳሌው የሚመሰክረው ለእኔ ነው። ጫካ፣ ነፋስ፣ ብቸኛ ልጅ፤ ይሄ ታሪክ አይደለም እንዴ? አልተቀረጸም እንጂ ተተርኳል። ደግሞ ድራማው እ.ኤ.አ. በ2017 ሲመለስ 4ኛው ክፍል ላይ የድሮ ፍቅረኛዋ ቦቢ የሎራን ፎቶ አይቶ ያለቅሳል፤ ዜማውም ይገባል። ያን ጊዜ ያለቀሰ ተመልካች ለሮድሱ ነው ያለቀሰው ወይስ ለሎራ?

ሚክሰር፦
4ኛውን ክፍል ካነሳሽው ዋናውን ዘለልሽው። በዚያ በተመለሰው ተከታታይ ብዙ ትዕይንት ያለ ሙዚቃ ነው የሚያልፈው። ዜማው የመታው ቦታ ስለተጠበቀለት ነው። ብድር ይሁን ርስት፣ እንዴት እንደሚሠራ ሳናይ አንፈርድም።

ለተከታታይ ድራማ ደህና ሙዚቃ የሚሠራ ሰው አርባ ዜማ አይሠራም። አንድ ዋና ዜማ፣ ቢበዛ ሦስት አራት የገጸ ባሕርይ ዜማ ይበቃዋል። ዋናው በመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ኖታዎች መታወቅ አለበት፤ በኋላ ንግግር ሥር ሲገባ ከዚያ በላይ ቦታ አያገኝማ። ከዚያ ያንኑ ዜማ ይበትነዋል፦ በክራር ብቻ፣ በዋሽንት ብቻ፣ በግማሽ ፍጥነት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የመጨረሻዋን ድምፅ ነፍጎ። ሙሉው የሚሰማው መግቢያው ላይና በጣት በሚቆጠሩ ወሳኝ ቦታዎች ነው። ተመልካቹ ለብዙ ክፍል ያልተዘጋ ዜማ ሲሰማ ይቆይና አንድ ቀን ሲዘጋለት ለምን እንዳለቀሰ አያውቀውም። ይህን ታሪክ ብቻውን አያደርገውም።

የሚበላሸውም በሦስት ነገር ነው። አንደኛው፣ ምስሉ ተቆርጦ ሳያልቅ ሙዚቃ ማስገባት። እኛ ጋ በሰከንድ 25 ፍሬም ነው፤ በደቂቃ 75 ምት ከሄድክ እያንዳንዱ ምት 20 ፍሬም ላይ ይወድቃል፣ ቆረጣውን ከምቱ ጋር ማግጠም ይቀላል። ከዚያ በኋላ ኤዲተሩ ሁለት ሰከንድ ከቀነሰ ግን በሩ ሲዘጋ ሊመጣ የነበረው ድምፅ በሩ ከተዘጋ በኋላ ይመጣል፣ ሐዘኑ አስቂኝ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ማሲንቆ ንግግር ሥር ማስገባት። ማሲንቆ የሰው ድምፅ አካባቢ ነው የሚዘፍነው፤ ከተዋናዩ ጋር ይጣላል። ሙዚቃውን ከንግግሩ ከ15 እስከ 20 ዴሲቤል ዝቅ አድርግ፤ ቃል የሚለይበትን፣ ከ2 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ያለውን ከፍታ ደግሞ 3 ዴሲቤል ያህል ቀንስለት። አለዚያ ቃሉም ዜማውም ይጠፋል። ሦስተኛው የኛ በሽታ ነው፦ ዝምታን መፍራት። ሰው ቡና ሲጠጣም ሙዚቃ፣ ሲሞትም ሙዚቃ።

ማሲንቆ መቺ፦
ማሲንቆ ይጣላል? ተጣልቶ አያውቅም፤ አዝማሪ ራሱ እየዘፈነ ነው የሚመታው። ቦታውን የሚያውቅ መቺ ሲዘፈን ወደ ታች ወርዶ ይይዛል፣ ሲታረፍ ብቅ ይላል። መቺው የተዋናዩን ንግግር በጆሮው ሳይሰማ ለብቻው ስቱዲዮ ተቀምጦ ከቀዳ ጥፋቱ የማሲንቆው ነው? ማዳመጫው ላይ ንግግሩን ስጡት!

ሚክሰር፦
ይሄንን እቀበላለሁ። ግን ስንቱ ስቱዲዮ ያደርገዋል?

የፒያሳዋ፦
ሚክሰር የተናገረው ሁሉ ገንዘብና ጊዜ ላለው ነው። ሳምንታዊ ድራማ አቀናባሪው እጅ የሚገባው ሊተላለፍ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። በሁለት ቀን ዜማ ነፍጎ ለወራት የሚያስጠብቅ ማን ነው? የሚሆነው ሌላ ነው፤ ኪቦርድ ይከፈታል፣ የቫዮሊን ድምፅ ይመረጣል፣ አንድ ኮርድ ተይዞ ይቆያል። ከዚህ «ኦሪጅናል» የተገዛው ይሻላል። ደግሞ የሚገዛው ሙዚቃ አሁን ተነጣጥሎ ነው የሚሸጠው፦ ዜማው ለብቻ፣ ባሱ ለብቻ፣ ምቱ ለብቻ። ባሱን ብቻ ንግግር ሥር፣ ዜማውን መጨረሻ ላይ። መበተን ማለት ይሄ ከሆነ ይሠራል።

ሚክሰር፦
ተነጣጥሎ ቢሸጥም ፍጥነቱና ቁልፉ፣ ማለት ዜማው የሚነሣበት ድምፅ፣ ያው ነው፤ ዜማውን ነጥለሽ ለዋሽንት አትሰጪውም። ይባስ ብሎ የገዛሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም። ልጅቷ በሞተችበት ዜማ በሳምንቱ የቀለም ማስታወቂያ ይሠራበታል። ያኔ ስሜቱ ወዴት ይሄዳል?

ታቦር ሥር፦
የተበደረ ስሜት ተመልሶ ለቀለም ፋብሪካ ተበደረ በላ! እነሆ ትክክለኛው የተበደረ ስሜት። ሰውየው ያሉት ለካ ስለሚመክሩን ሙዚቃ ነበር።

የፒያሳዋ፦
ጨርሰህ ሳቅ። ሁለት ቀን የሚለውን ማንም አልመለሰልኝም።

ማሲንቆ መቺ፦
እኔ ልመልስ። ዜማው የሚሠራው ሊተላለፍ ሁለት ቀን ሲቀረው ሳይሆን ስክሪፕቱ ሲያልቅ ነው፤ መምህር እንዳሉት፣ ገና ሳይቀረጽ። ዋናው ዜማና የገጸ ባሕርያቱ በየስሜቱ አስቀድመው ይቀዳሉ፤ ለየክፍሉ የሚቀረው መምረጥና መቁረጥ ነው። ሲቀዳ ደግሞ በክፍል ቅደም ተከተል መቅዳት ጅልነት ነው። ክራር ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ሲሻገር እንደገና ይቃኛል፤ አዲስ የተቃኘ ክር ሳይረጋ ይወርዳል፤ በየመሀሉ ስትቃኝ ቀኑ ያልቃል። የትዝታውን ሁሉ በአንድ ላይ፣ ከዚያ የባቲውን፣ ከዚያ የአምባሰሉን። ዋሽንት አይቃኝም፤ ለየቁልፉ ሌላ ዋሽንት ነው፤ ስለዚህ ቁልፉን ለነፊው አስቀድመህ ካልነገርከው የያዘው አይገጥምም። አስቦ ለሠራ ሰው ጊዜ አለ።

የአዳሬ ልጅ፦
ሁላችሁም ትዝታ ባቲ አምባሰል አንቺሆዬ ስትሉ ሰማኋችሁ። ሐዋሳ ቁጭ ብላችሁ! ሐይቁ ዳር የተቀረጸ ድራማ ላይ ፀሐይ በወጣች ቁጥር ዋሽንት፣ ሰው በሞተ ቁጥር በገና። ዶርዜዎች በብዙ ድምፅ ተከፋፍለው የሚዘፍኑት የት ሄደ? ደራሼዎች በቡድን የሚነፉት ፊላስ? ለታሪኩ አገር የማይመጥን ሙዚቃ ነው የተበደረ ስሜት ማለት።

ጡረተኛው መምህር፦
ስለ በገና ካነሳህ አይቀር ልናገር። በገና የዐቢይ ጾም መሣሪያ ነው፣ የጸሎት ነው። ቢላዋ በተመዘዘ ቁጥር በገና ማሰማት ነውር ነው። ይህም ብቻ አይደለም፤ ሲቀዱት ይገድሉታል። ያ የሚነዝረው ድምፅ የሚመጣው ክሩና ድልድዩ መሀል ከሚገባው ከቆዳው፣ ከእንዝራው ነው። ባለ ስቱዲዮው «ጩኸት ነው» ብሎ ያጸዳዋል። እንዝራው የጠፋ በገና ወፍራም ክራር ነው።

ሚክሰር፦
መምህር ትክክል ነዎት፤ ማጽዳቱ ስሕተት ነው። ነገር ግን በገና በድራማ አይግባ በሚለው አልስማማም። እናት ብቻዋን ስትጸልይ ቢገባ ምን ነውር አለው?

ጡረተኛው መምህር፦
ለምትጸልይ እናት ይግባ፤ እኔ ያልኩት ስለ ቢላዋው ነው። አንብቦ መመለስ ጥሩ ነው።

የፒያሳዋ፦
እኔ ደግሞ ስለ ቱርክ ልጠይቅ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ ይሄ ሕዝብ በሰው አገር ዜማ አለቀሰ። ጥቁር ፍቅር ላይ ትዝታ ነበር? እንዝራ ነበር? አልነበረም። ያስለቀሰው የኒሃንና የከማል ታሪክ ነው። የቅኝታችሁ ነገር እዚያ ላይ ፈረሰ።

ሚክሰር፦
አልፈረሰም፤ ለእኛ ነው የሚመሰክረው። ድራማ ለሌላ አገር ሲሸጥ ንግግሩ ለብቻ፣ ሙዚቃውና ሌላው ድምፅ ለብቻ ተለይቶ ይሰጣል። ስለዚህ አማርኛው ሲገባ የተዋናዩ ድምፅ ሄደ፣ የአነጋገሩ ለዛ ሄደ፣ ከአፍ እንቅስቃሴ ጋር እንዲገጥም ተብሎ ዓረፍተ ነገሩም ተቀየረ። ሳይነካ የመጣው አቀናባሪው ቶይጋር ኢሺክሊ የሠራው ሙዚቃ ነው። ከታሪኩ ግማሹ በትርጉም ተበልቶ ሳለ ስሜቱ ሙሉውን ከደረሰ፣ ማን ነው ያደረሰው?

የፒያሳዋ፦
የከማል ዓይን ነው ያደረሰው። ፊት አይተረጎምም።

ታቦር ሥር፦
😂😂 የከማልን ዓይን ባጃጅ ውስጥ ማንጎራጎር ይቻላል?

ውል አንባቢ፦
ዘግይቼ ገባሁ። ስሜቱ የማን እንደሆነ ስትከራከሩ ዜማው የማን እንደሆነ ማንም አላነሳም። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በትእዛዝ የተሠራ ሥራ፣ በውል ሌላ ካልተባለ፣ የገንዘብ መብቱ የአሠሪው ነው። ስለዚህ አቀናባሪው «ወንድሜ ነው፣ እንተዋወቃለን» ብሎ ያለ ውል ከሠራ፣ ዜማው በኋላ ለማስታወቂያ ቢሸጥ የሚጠይቀው የለውም። ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ለዚህ ድራማ ብቻ ነው ወይስ ለሌላም፣ ዩቲዩብ ላይ ሲጫን ገቢው እንዴት ይከፈላል፣ ስሙ መጨረሻ ላይ ይወጣል ወይ። የሰው አገር ሙዚቃ ሳይገዙ ለሚለጥፉ ደግሞ፦ ቲቪው ዝም ቢላችሁ ዩቲዩብ ዝም አይልም። ሥርዓቱ ራሱ ዜማውን ይለየዋል፤ የማስታወቂያው ገቢ ለባለ መብቱ ይሄዳል ወይም የክፍሉ ድምፅ ይዘጋል።

የፒያሳዋ፦
ይኸው! ገዝታችሁ ተጠቀሙ ያሉት ሰውዬ ከሰረቁት ይሻላሉ።

ማሲንቆ መቺ፦
ከሌባ መሻል መመዘኛ ሆነ?

የአዳሬ ልጅ፦
የእኔን ጥያቄ ዘላችሁ አለፋችሁ። ፊላ ለምን አይገባም?

ሚክሰር፦
አልዘለልነውም፣ ከባድ ስለሆነ ነው። በፊላ እያንዳንዱ ነፊ የራሱን ድርሻ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ዜማው የሚወጣው ሲቀባበሉ ነው። አንድ ሰው ቢቀር ዜማው ጥርሱ የወለቀ ይሆናል። እንደ ክራር አንዱን መቺ ጠርተህ በአንድ ከሰዓት አትጨርሰውም። አንድ በአንድ ልቅዳ ብትልም መቀባበሉ ይሞታል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ ሰፊ ቦታ ላይ፣ በክብ አቁመህ ነው። በዚያ ላይ ድምፁ የዘፈን አዳራሽ ሙሉ ስለሆነ ንግግር ሥር አይገባም፤ ለመግቢያና ለሽግግር ብቻ።

የአዳሬ ልጅ፦
ለመግቢያ ይበቃኛል። ሁለት ማይክ መሀል ላይ ብታቆም ያልቃል።

ሚክሰር፦
መሀል ላይ ሁለት ብቻ ካቆምክ ወፍራሞቹ ቀጫጭኖቹን ይውጧቸዋል። ቢያንስ ለቀጫጭኖቹ ለብቻ አንድ።

ማሲንቆ መቺ፦
ነፊዎቹን ማቀራረብና ማራቅ እያለ ሦስተኛ ማይክ ለምን? ወፍራሞቹን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ።

ሚክሰር፦
ወደ ኋላ ከሄዱ ድምፃቸው ዘግይቶ ይደርሳል፣ ክፍሉም አብሮ ይገባብሃል።

የፒያሳዋ፦
ሁለት እርምጃ ምን ያህል ይዘገያል ደግሞ! ለመሆኑ የሁሉንም ትራንስፖርት የሚከፍለው ማን ነው?