ሬጋ፣ ኤር ዜርማት ወይስ ክራንከንካሴ? ስዊዘርላንድ ያላችሁ ጠቁሙኝ

ፀሐይ ከበርን
ሰላም ለሁላችሁ። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ተራራ መውጣት አብዝተናል፤ በብዛት በበርን ካንቶን (ክልል) ያለው በርነር ኦበርላንድ፣ አልፎ አልፎ ቫሌ ካንቶን። አንድ ነገር ቢደርስብንና በሄሊኮፕተር መነሳት ቢያስፈልግ፣ የአየር ነፍስ አድን ድርጅቱ የሬጋ ደጋፊ አባልነት ይሻላል ወይስ የቫሌው ሄሊኮፕተር ድርጅት የኤር ዜርማት ካርድ? ወይስ ክራንከንካሴው (የግዴታው የጤና ኢንሹራንስ) ብቻውን ይበቃል?

ዮኒ ዙሪክ
ሬጋ ነው፣ ሌላ አትጠይቂ። ከ1952 ጀምሮ ያለና በደጋፊዎቹ ገንዘብ የቆመ ድርጅት ነው። ለአንድ ሰው በዓመት 40 ፍራንክ። አብራሪ፣ ሐኪምና ፓራሜዲክ አብረው ነው የሚመጡት፤ ሕክምናው እዚያው ድንጋዩ ላይ ይጀመራል።

ተራራው
ዮኒ አንድ ነገር ዘሏል። ሬጋ በ15 ደቂቃ በረራ ይደርሳል የሚባለው ከቫሌ ውጪ ላለው አገር ነው። ቫሌ ውስጥ የሚበሩት ኤር ዜርማትና ኤር ግላሲዬ ናቸው፤ የትኛው እንደሚነሳ የሚወስነው የካንቶኑ የአደጋ ጥሪ ማዕከል 144 እንጂ የያዝሽው ካርድ አይደለም። ስለዚህ እዚያ 144፣ ሌላ ቦታ የሬጋን 1414 ደውሉ።

የሬጋ አባልነት ደግሞ ኢንሹራንስ አይደለም። ማዳኑን ራሱ ሬጋ ከሠራው ወይም ካደራጀው፣ ኢንሹራንስ ሳይከፍል የቀረውን ሊተውላችሁ ይችላል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ቫሌን የምታዘወትሩ ከሆነ የዚያውን ካርድ ደርቡበት። ስትገዢ ግን «የሌላ ድርጅት ሄሊኮፕተር ቢያነሳኝ ይሸፍናል?» ብለሽ ጠይቂና መልሱን በጽሑፍ ያዢ። ካርድ የሌለውም ሰው ይነሳል፤ ልዩነቱ የሚመጣው ሂሳቡ ሲመጣ ነው።

ሳሚ
ሄሊኮፕተሩ ይቅርና የመንገድ አምቡላንስ አራቁቶናል! ድርጅቱን ስም አልጠራም። ሂሳቡ 1,200 ፍራንክ፣ ክራንከንካሴው 500 ብቻ ከፍሎ 700ው ከኪስ። በየወሩ ለምንድነው የምንከፍለው?

ሀና ጄኔቭ
እኛም ላይ ደርሷል ሳሚ! ለዚህ ነው ሰው አምቡላንስ ከመጥራት ታክሲ የሚመርጠው።

ነርስ ባዝል
ሀና፣ ደረቱን ለሚያመው ወይም ፊቱና እጁ ባንድ ወገን ለዛለ ሰው ታክሲ እንዳትጠሩ፣ በእግዚአብሔር። አምቡላንሱ ውስጥ የልብ ምርመራውና መድኃኒቱ ይጀመራል፣ ሆስፒታሉም ቀድሞ ይዘጋጃል።

ሳሚ፣ ሂሳቡን እንደገና እየው። መሠረታዊው ኢንሹራንስ፣ ማለትም ክራንከንካሴው፣ ሁለት መደብ አለው። «ትራንስፖርት» ተብሎ ከተመዘገበ ግማሹን ይከፍላል፣ በዓመት ከ500 ሳይበልጥ። «ነፍስ አድን» ከተባለ ግን ጣሪያው 5,000 ነው፣ እሱም ግማሹን። ሁለተኛው የሚሠራው ሕይወት አደጋ ላይ ከነበረ ነው። ባንተ ሂሳብ 600 ይሆን ነበር፤ 4,000 ፍራንክ በሚያስከፍል በረራ ላይ ግን ልዩነቱ 500 ወይስ 2,000 የሚለው ነው። የሐኪሙን ሪፖርት አያይዘህ በደብዳቤ ተቃወም። ቀሪውን የሚዘጋው ተጨማሪ ኢንሹራንስ ነው፤ ውሉ ላይ የትራንስፖርትና የነፍስ አድን ጣሪያው ስንት እንደሆነ ተመልከቱ።

ሀና ጄኔቭ
እሺ፣ ልክ ነሽ። እግረ መንገዴን ልጠይቅ፤ እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። የሬጋ የቤተሰብ አባልነት አለን፣ እሷንም ይይዛል?

ተራራው
አይይዝም። የቤተሰቡ አባልነት ለወላጆችና ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆቻቸው ነው፤ አያት አትገባበትም። ለሸንገን ቪዛ የሚገዛው ኢንሹራንስ ቢያንስ 30,000 ዩሮ፣ ድንገተኛ ሕክምናንና ወደ አገር መመለስን ጨምሮ መሸፈን አለበት። ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለባቸው ግን የቆየ ሕመምን የሚያስቀር አንቀጽ እንዳለ ሳትፈርሙ አንብቡ።

ጌች
ጥያቄዋን ያነበበው ተራራው ብቻ ነው እንዴ? ልጅቷ ስለ ተራራ ጠየቀች፣ እናንተ ከአምቡላንስ ቪዛ ገባችሁ። የቱንም ካርድ ያዙ፣ ጥሪውን ካላወቃችሁበት ጊዜ ታባክናላችሁ። የሬጋን አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑ፤ ስትጠሩ ያላችሁበትን ቦታ አብሮ ይልካል። ስትናገሩ ቦታውን፣ የደረሰውን፣ የተጎዳውን ሰው ብዛት፣ እዚያ ያለውን አየር፣ በተለይ ደግሞ በአካባቢው ሽቦ ካለ ተናገሩ። የእንጨት ማመላለሻ ገመድና የኤሌክትሪክ መስመር ከላይ ለአብራሪው አይታዩም። ከዚያ ስልኩን አትያዙት፣ መልሰው ይደውላሉ።

ለማረፊያ 25 በ25 ሜትር ክፍት ቦታ ይፈለጋል። ኮፍያ፣ ጃኬት፣ የሚነሳ ነገር ሁሉ ይጠበቅ። ሁለት እጅ ወደ ላይ ዘርግቶ መቆም «እርዳታ እንፈልጋለን» ነው፤ አንዱ ላይ አንዱ ታች ከሆነ «አንፈልግም»። ሲያርፍ ተንበርከኩና ከአብራሪው ዓይን አትጥፉ፤ ክንፉ ሳይቆም ማንም አይጠጋ፣ በተለይ ከዳገቱ ወገን፣ ምክንያቱም እዚያ ክንፉ ለጭንቅላት ይቀርባል። ልጆቹን አንድ ሰው አጥብቆ ይያዝ። ጭጋግ ወይም በረዶ የሚያስይዝ ደመና ካለ ሄሊኮፕተሩ ላይደርስ ይችላል፤ ያኔ በእግር ነው የሚመጡላችሁ። ስለዚህ የሚያሞቅ ልብስና ባትሪ ያለው ስልክ ከካርዱ ይቀድማል።

ዮኒ ዙሪክ
የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፣ እኔ ግን አሁንም ሬጋ እላለሁ። ለደጋፊ ገበሬዎች የተጎዳች ላም እንኳ ከተራራ ያወርዳል! አገር ቤት ሄዳችሁ ብትታመሙም ሐኪሞቹ እዚያ ካለው ሐኪም ጋር ተነጋግረው እንዴት እንደምትመለሱ ይወስናሉ። ይህን ሌላ ማን ያደርጋል?

ነርስ ባዝል
መመለሱን እንጂ የአገር ቤቱን የሆስፒታል ሂሳብ እንደማይከፍል ግን ጨምርበት ዮኒ።

ፀሐይ ከበርን
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ የቀረኝ፤ ባለቤቴ በሳምንት 6 ሰዓት ብቻ ነው የሚሠራው፣ እኔ ሙሉ ቀን። ይህ ለውጥ ያመጣል?

ነርስ ባዝል
ትልቅ ለውጥ። አንቺ በአንድ አሠሪ ዘንድ በሳምንት 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ ስለምትሠሪ፣ ተራራ ላይ ወድቀሽ ብትሰበሪ የአሠሪሽ የአደጋ ኢንሹራንስ እዚህ አገር አስፈላጊውን ማዳን ይከፍላል። እሱና ልጆቹ ግን አደጋውም በክራንከንካሴ ነው፣ ያ ግማሽና 5,000 ጣሪያ ያለው። የልብ ድካም ከሆነ ደግሞ በሽታ እንጂ አደጋ ስላልሆነ አንቺም እዚያው ነሽ። የሦስቱን ፖሊሲ አውጥተሽ «ኡንፋል» (አደጋ) የሚለው መካተቱን እዪ፤ ሰው ሥራ ሲቀንስ ማስገባቱን ይረሳዋል።