አምስት አገር ለተበተንን ጓደኞች የትኛው የቻት ግሩፕ ይሻላል?

የኮዬዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ዘጠኝ የሃይስኩል ጓደኛሞች ነን። አራታችን እዚሁ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱና ገላን ነን። ሁለቱ ዋሽንግተን፣ አንዷ ዱባይ፣ አንዱ ፍራንክፈርት፣ አንዷ ደግሞ ሜልበርን ናቸው። ቴሌግራምም ዋትስአፕም ላይ ግሩፕ ስላለን ወሬው ተከፋፍሎ ግማሹ ግማሹን አያውቅም። ወደ አንዱ መጠቅለል ፈልገናል። ያስቸገረን አንደኛ፣ የአንዱ ቀን የሌላው ሌሊት ስለሆነ ስልኩ ሲጮህ ያድራል። ሁለተኛ፣ እኛ ጋ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ኔትወርኩ ደካማ ነው፤ የሚላከው ቪዲዮም ጥቅላችንን ይጨርሳል። ሦስተኛ፣ በወር አንዴ ሁላችን የምንገናኝበት ጥሪ ሰዓቱ ይምታታል። ለአንዷ ጓደኛችን እናት ሕክምና የምናዋጣው ገንዘብም ስላለ ደረሰኝ ግሩፑ ላይ ይለጠፋል። የቱን ትመክሩናላችሁ?

ሞባይል ጠጋኝ (ቱሉ ዲምቱ)
እህቴ፣ ለጽሑፉ ቴሌግራም ያዙ። ዋናው ምክንያት መልእክቱ ሰርቨር ላይ፣ ማለትም በቴሌግራም የራሱ ኮምፒውተር ላይ መቀመጡ ነው። ስልክ ቢሰበር ወይም ቢቀየር በዚያው ቁጥር ስትገቡ የግሩፑ ታሪክ እንዳለ ይመጣል። ዋትስአፕ ግን ስልኩ ላይ ስለሚያስቀምጥ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ያላደረገ ሰው ሁሉንም ያጣል።

የሌሊቱን ጩኸት በሁለት መንገድ ታበርዱታላችሁ። ጽፈሽ ስትጨርሺ የመላኪያውን ቀስት ተጭነሽ ያዢው። «ሴንድ ዊዝአውት ሳውንድ» ካልሽ መልእክቱ ይደርሳል፣ ስልካቸው ግን አይጮህም። «ስኬጁል ሜሴጅ» ካልሽ ደግሞ ቀንና ሰዓት መርጠሽ ታስቀምጪዋለሽ። የሚልከው ሰርቨሩ ስለሆነ በዚያ ሰዓት መብራት ሄዶ ስልክሽ ቢጠፋም ይደርሳል። ሲግናል የሚባለው የመልእክት አፕም አንድሮይድ ላይ ይህ ነገር አለው፤ ነገር ግን ላኪው ስልኩ ራሱ ነው። ስልኩ ጠፍቶ ወይም ኔትወርክ አጥቶ ከሆነ ሰዓቱ ያልፋል፤ ለእኛ ሰፈር አይሆንም።

ለዳታው «ሴቲንግ»፣ ቀጥሎ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ»፣ ቀጥሎ «ዌን ዩዚንግ ሞባይል ዳታ» ግቢና ፎቶውንም ቪዲዮውንም ፋይሉንም አጥፊው። ከዚያ በኋላ አንቺ ካልነካሽው በራሱ አይወርድም። እዚያው «ስቶሬጅ ዩሴጅ» ውስጥ ሚዲያ የሚቆይበትን ጊዜ አንድ ሳምንት አድርጊው። ከስልኩ ቢጠፋ ሰርቨሩ ላይ ስላለ በፈለግሽ ጊዜ መልሰሽ ታወርጂዋለሽ። ክቡን ቪዲዮ ትታችሁ በድምፅ ብትላላኩ ይሻላል። የአንድ ደቂቃ ድምፅ 1 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም።

የዋትስአፑን ግሩፕ ግን አታፍርሱት። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራም አገር ውስጥ ተገድቦ እንደነበር አትርሱ። መጠባበቂያ ይሁናችሁ፣ ወሬ ግን አይጻፍበት።

ሳሪስ 75
በጽሑፉ እስማማለሁ፤ ደረሰኙን ግን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትለጥፉ። ደረሰኝ ላይ ሙሉ ስምና የሒሳብ ቁጥር አለ። የቴሌግራም ግሩፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው የተቆለፈ አይደለም፤ እንዲያ የሚመሰጠረው ሁለት ሰዎች ብቻ የሚጻጻፉበት «ሲክሬት ቻት» ነው። የዋትስአፕ ግሩፕ ግን ሁሌም የተመሰጠረ ነው። ስለዚህ ያ መጠባበቂያ ግሩፕ የመዋጮና የደረሰኝ ብቻ ይሁን፤ ሥራ ያገኛል።

ከምስጠራውም በላይ እኔን የሚያሳስበኝ አካውንት መሰረቁ ነው። ሌባው በአንዱ ጓደኛችሁ ስም ገብቶ «በስህተት ወዳንቺ የመጣ ኮድ አለ፣ ላኪልኝ» ይላል። ኮዱን የሰጠ ሰው አካውንቱን ሰጠ ማለት ነው። ቀጥሎ ግሩፑ ላይ «የሒሳብ ቁጥሩ ተቀይሯል፣ በዚህ አስገቡ» ተብሎ ይጻፋል። ዘጠኛችሁም ዛሬውኑ ቴሌግራም ላይ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ገብታችሁ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» (ከኮዱ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን) አብሩ፤ ማስመለሻ ኢሜይል ማስገባትም አትዝለሉ። ዋትስአፕም «አካውንት» ውስጥ ያው አለው። የሒሳብ ቁጥር ተቀየረ ከተባለ ደግሞ ሰውየውን ደውላችሁ ድምፁን ሳትሰሙ አንድ ብር እንዳታስገቡ።

ገላን ኮንዶ
ስለ ጥሪው ማንም አላነሳም። ዱባይ ያለችው እህታችን ጋ የቴሌግራምም የዋትስአፕም የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ አይሠራም፣ እዚያ አገር ዝግ ነው፤ ጽሑፍ ብቻ ነው የሚያልፈው። «ቪፒኤን (ያለሽበትን አገር የሚደብቅ አፕ) ጫኚ» ብላችሁ እንዳትመክሯት። ቪፒኤን ተጠቅሞ ወንጀል መፈጸም እዚያ ከ500,000 እስከ 2,000,000 ድርሃም ያስቀጣል። የጎግል የቪዲዮ ጥሪ አፕ የሆነው ጎግል ሚት እዚያ ይሠራል። በነፃው ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው ሲገባ 60 ደቂቃ ይፈቅዳል፤ ለወር አንዴ ይበቃችኋል። ሊንኩን አንዴ ፈጥራችሁ ቴሌግራሙ ላይ ፒን አድርጉት። ኔትወርኩ ሲንገዳገድ ሁላችሁም ካሜራ አጥፉ። አንቺ ብቻ ብታጠፊ የሌሎቹ ምስል ዳታሽን ይበላል።

ሰዓቱን በተመለከተ መነሻችሁ የአዲስ አበባ ይሁን። የእኛና የዱባይ ዓመቱን ሙሉ አይነቃነቅም። አሜሪካ በማርች ሁለተኛው እሁድ አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋና በኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ ይመልሳል። ጀርመን በማርች የመጨረሻው እሁድ ገፍቶ በኦክቶበር የመጨረሻው እሁድ ይመልሳል። ሜልበርን የተገላቢጦሽ ነው፤ በኦክቶበር የመጀመሪያው እሁድ ይገፋል፣ በኤፕሪል የመጀመሪያው እሁድ ይመልሳል። «ከእናንተ 7 ሰዓት እንለያለን» ብሎ በቃሉ የያዘ ሰው በእነዚህ ሳምንታት ነው ጥሪ የሚያመልጠው።

ለአምስቱም የሚሆነው እሁድ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፣ በፈረንጅ 15:00። ያኔ ዱባይ 16:00 ነው። አሜሪካና ጀርመን ሰዓት ገፍተው ባሉበት በበጋቸው ዋሽንግተን 8:00 ጠዋት፣ ፍራንክፈርት 14:00፣ ሜልበርን 22:00 ይሆናል። በክረምታቸው ዋሽንግተን 7:00፣ ፍራንክፈርት 13:00፣ ሜልበርን 23:00። ማታ 3 ሰዓት ለእኛ ይመቻል፣ ሜልበርን ያለችውን ግን ከሌሊቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ መቀስቀስ ነው። የዋሽንግተኖቹ እሁድ ጠዋት ቅዳሴ የሚሄዱ ከሆነ በዚያው ሰዓት ቅዳሜ አድርጉት።

ስትጽፉ «2 ሰዓት» ብላችሁ አትተዉት። ውጭ የቆየ ሰው በፈረንጅ ያነበዋል፣ እዚህ ያለው በሀበሻ። ሁለቱንም ጻፉ። ለሌሊት ደግሞ ቀኑን በአጥቢያ ንገሩ። በክረምታቸው የዋሽንግተን ቅዳሜ 18:00 ለእኛ ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። «ቅዳሜ ሌሊት» ብቻ ከተባለ አንዱ አርብ ለቅዳሜ አድርጎት ያድራል።

የኮዬዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዛሬውኑ እንጀምራለን። አንድ የቀረኝ፦ ሁለቱ ጓደኞቼ የስልካቸውን ሰዓት በሀበሻ አድርገውታል። የመልእክቱ ሰዓት ከስልካቸው ሰዓት ጋር አይገጥምላቸውም፤ አንዷን ዋትስአፑ «ቀኑ ልክ አይደለም» አላት።

ሞባይል ጠጋኝ (ቱሉ ዲምቱ)
ሰዓቱን በእጃቸው ስድስት ሰዓት ወደኋላ ስለጎተቱት ነው። መጀመሪያ «አውቶማቲክ ታይም» ያብሩ። ሀበሻ ሰዓት ካማራቸው «አውቶማቲክ ታይም ዞን» ብቻ አጥፍተው ዞኑን ቦነስ አይረስ ያድርጉት። እሱ ከእኛ በትክክል 6 ሰዓት ወደኋላ ነው፤ ስለዚህ በእኛ 9 ሰዓት ሲሆን ስልኩም 9:00 ይላል። የውስጡ ሰዓት ስላልተነካ አፖቹ አያጉረመርሙም፣ የመልእክቱም ሰዓት ይገጥማል።

ውጭ ያሉትን አንድ ነገር ጠይቂያቸው፤ ቴሌግራማቸው አሁንም በኢትዮጵያ ቁጥር ከሆነና ሲሙ ተረስቶ መሳቢያ ውስጥ ካለ፣ መስመሩ ተቋርጦ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። «ሴቲንግ» ውስጥ ቁጥሩን ነክተው «ቼንጅ ነምበር» በማለት ወደሚኖሩበት አገር ቁጥር ያዙሩት። ቻቱም ግሩፑም እንዳለ ይከተላቸዋል። ኮዱ የሚመጣው በአዲሱ ቁጥር ስለሆነ አዲሱ ሲም ስልኩ ውስጥ ገብቶ ይሁን።