አሲዱን ባቀጠንኩት ቁጥር ወደ ቤዝነት ይሄድብኛል፤ ስሕተቴ የቱ ላይ ነው?

ቢከር ሰባሪዋ

ሰላም ለሁላችሁም። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የመግቢያ ኬሚስትሪ ትምህርት እየወሰድኩ ሲሆን ከመልመጃዎቹ አንዱ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኛል። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ኮንሰንትሬሽኑ 1.0 × 10⁻⁸ ሞላር የሆነ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሙሙት በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ፒኤቹ ስንት ነው?» (ሞላር ማለት በአንድ ሊትር ሙሙት ውስጥ ያለው የሞል ብዛት ነው፤ ሞል የቅንጣቶች መቁጠሪያ ነው፤ ፒኤች ደግሞ የአሲድነት መለኪያ ነው።)

ሃይድሮክሎሪክ ጠንካራ አሲድ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ወደ አዮንነት ይለያያል፤ ስለዚህ በሙሙቱ ውስጥ ያለው የሃይድሮጅን አዮን ከአሲዱ ጋር እኩል ነው ብዬ ሎጋሪዝሙን ወሰድኩና ምልክቱን ስቀይረው ልክ 8 መጣልኝ። ካልኩሌተሩን ሦስት ጊዜ ጠይቄዋለሁ፤ በሦስተኛው ጊዜ የተቆጣ መሰለኝ እንጂ መልሱን አልቀየረም። ችግሩ፣ ከ7 በላይ የሆነ ነገር ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ፣ እንደ ሳሙና ያለ) መሆኑን ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ስንማረው መኖራችን ነው። አሲድ ጨምሬ እንዴት ቤዝ አገኛለሁ?

ነገሩን ለማጣራት ከ0.1 ሞላር ተነሥቼ በወረቀት ላይ ደጋግሜ አሥር አሥር እጥፍ አቀጠንኩት። ፒኤቹ ከ1 ወደ 2፣ ከ2 ወደ 3 እያለ በሥርዓት ሲጓዝ ቆይቶ 7ን ያለ ምንም ሰላምታ አልፎ ሄደ። በዚሁ ከቀጠልኩ በአሥራ ሦስተኛው ማቅጠን 14 ላይ እደርሳለሁ ማለት ነው። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ «ታዲያ ምን ቸገረሽ፣ ውሃ ብቻ እየጨመረች አሲድን ሳሙና ያደረገች የመጀመሪያዋ ሰው ትሆኛለሽ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። እባካችሁ ስሕተቴን አሳዩኝ።

ሞል በሞል

እኅቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ፤ ብዙዎቻችን 8 ብለን ጽፈን፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምረን፣ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያለፍነውን ነገር አንቺ ቆም ብለሽ ተጠራጥረሽዋል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ዋኝታ እንደተባለው፣ «ጠንካራ አሲድ ከሆነ ሎጋሪዝም ውሰድ» ሲባል ሰምተን ቀመሩ የት ድረስ እንደሚያዋጣ ሳንጠይቅ ዘልለን እንገባለን።

የረሳሽው ውሃውን ነው። ንጹሕ ውሃ ራሱ በጥቂቱ ወደ ሃይድሮጅን አዮንና ወደ ሃይድሮክሳይድ አዮን ስለሚለያይ በ25 ዲግሪ በአንድ ሊትር ውስጥ ከእያንዳንዳቸው 10⁻⁷ ሞል ይገኛል። የአንቺ አሲድ ያመጣው 10⁻⁸ ብቻ ስለሆነ፣ ውሃው አስቀድሞ ይዞት ከነበረው አንድ አሥረኛውን ነው። ባለቤቱ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ እንግዳውን ብቻ ቆጥረሽ «በዚህ ቤት ያለው ሰው ይህን ያህል ነው» እንደማለት ነው። በ0.1 ሞላር ጊዜ እንግዳው ሚሊዮን እጥፍ ስለሚበልጥ ባለቤቱን መዘንጋት አይጎዳም፤ እዚህ ግን ይጎዳል።

ስለዚህ ሁለቱን ደምሪያቸው፦ 10⁻⁷ ሲደመር 10⁻⁸፣ 1.1 × 10⁻⁷ ይሆናል፤ ፒኤቹም 6.96። አሲድ ነው፣ ተገላገልሽ።

ኳድራቲክ ወዳዱ

ሞል በሞል ስለ ውሃው የተናገረው እውነት ነው፤ የእንግዳውንም ምሳሌ ወድጄዋለሁ። ድምሩ ላይ ግን ይቅርታ ጠይቄ አቋርጠዋለሁ፤ ምክንያቱም ባለቤቱ እንግዳ ሲመጣበት ዝም ብሎ የሚቀመጥ አይደለም፣ ትንሽ ጠጋ ይላል።

በ25 ዲግሪ የሃይድሮጅን አዮንና የሃይድሮክሳይድ አዮን ኮንሰንትሬሽን ሲባዙ ሁልጊዜ 1.0 × 10⁻¹⁴ መስጠት አለባቸው። በሞል በሞል ስሌት የመጀመሪያው 1.1 × 10⁻⁷፣ ሁለተኛው ደግሞ ሳይነካ 10⁻⁷ ስለሆነ ብዜታቸው 1.1 × 10⁻¹⁴ ይሆናል፤ ይህም ሚዛኑን ያፈርሳል። የሚሆነው እንዲህ ነው፦ አሲዱ ያመጣቸው ሃይድሮጅን አዮኖች ሲበዙ ከፊሎቹ ከሃይድሮክሳይድ ጋር ተገናኝተው ተመልሰው ውሃ ይሆናሉ፤ የለ ሻተልዬ መርሕ የሚባለው ይኸው ነው። በዚህ ምክንያት የውሃው ድርሻ ከ10⁻⁷ ዝቅ ይላል።

ስሌቱን በቀጥታ እንሥራው። የሃይድሮጅን አዮኑን አጠቃላይ መጠን «ቀ» እንበለው። ሙሙቱ በአጠቃላይ ቻርጅ ስለሌለው የፖዘቲቭ አዮኖቹ መጠን ከኔጌቲቮቹ ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ኔጌቲቮቹም ከአሲዱ የመጣው ክሎራይድ፣ ማለትም 10⁻⁸፣ እና ሃይድሮክሳይዱ፣ ማለትም 10⁻¹⁴ ÷ ቀ፣ ናቸው። ስለዚህ፦

ቀ = 10⁻⁸ + 10⁻¹⁴ ÷ ቀ

ሁለቱንም ወገን በቀ ብናባዛ፦

ቀ² − 10⁻⁸ቀ − 10⁻¹⁴ = 0

የኳድራቲክ ቀመሩ ሁለት መልስ ይሰጣል፤ አንደኛው ኔጌቲቭ ስለሆነ (ኔጌቲቭ አሲድ በዕዳ እንኳ አይገኝም) የሚቀረን ቀ = 1.05 × 10⁻⁷ ነው። ፒኤቹ 6.98 ይሆናል። ከዚህ ውስጥ የውሃው ድርሻ 9.5 × 10⁻⁸ ብቻ መሆኑን ልብ በይ፤ ጠጋ አለ ያልኩሽ ይህን ነው።

በወረቀት ላይ ያቀጠንሻቸውን ሙሙቶች በዚሁ እኩልታ ብትፈትሻቸው ነገሩ ይበልጥ ይጣፍጣል። በ10⁻⁶ ሞላር ላይ የሚገኘው 5.996 ስለሆነ የለመድነው አቋራጭ መንገድ እስከዚያ ድረስ ታማኝ ነው። በ10⁻⁷ ላይ ቀ 1.618 × 10⁻⁷ ይሆናል፤ ፒኤቹም 6.79። ሒሳብ የምትወዱ 1.618ን ስታዩ ወርቃማውን ሬሾ አስታውሳችሁ ፈገግ እንደምትሉ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እኔ መጀመሪያ ሳገኘው ከወንበሬ ተነሥቼ ነበር፣ አጠገቤ የነበረው ሰው ግን ምንም አልመሰለውም። ከዚያ ወዲያ የፈለግሽውን ያህል ብታቀጥኚው ወደ 7 እየተጠጋ ይሄዳል እንጂ አያልፈውም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይባል የለ፤ ሳሙናው ቀረ ማለት ነው።

ሞል በሞል

ተረትቻለሁ። ያም ሆኖ ከ8 ወደ 6.96 ያደረስኳት እኔ ስለሆንኩ ከምስጋናው ዘጠኝ እጁ ለእኔ፣ የቀረችው 0.02 ለኳድራቲክ ወዳዱ ትሁን።

የቤተ ሙከራ ረዳት

ስሌቱ በኳድራቲክ ወዳዱ እጅ ስለተጠናቀቀ አልደግመውም። ይልቅስ ይህን ጥያቄ ያነበቡ ተማሪዎች በየዓመቱ ወደ ቤተ ሙከራ መጥተው «6.98ን በመሣሪያ እንለካ» ስለሚሉኝ፣ ለምን እንደማይሳካ ልንገራችሁ።

የተጣራ ውሃ በክፍት ቢከር አስቀምጣችሁ ጥቂት ብትቆዩ ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል፤ ከፊሉም ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል። ከአየሩ ጋር ሚዛን ላይ የደረሰ ንጹሕ ውሃ ፒኤቹ 5.6 አካባቢ ነው። 5.6 ማለት 2.5 × 10⁻⁶ ሞላር ገደማ የሃይድሮጅን አዮን ማለት ስለሆነ፣ እናንተ በብዙ ጥንቃቄ የጨመራችሁት 10⁻⁸ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም፤ አየሩ ሁለት መቶ ሃምሳ እጥፍ አሲድ አስቀድሞ ጨምሮላችኋል። ባለፈው አንዲት ተማሪ ውሃውን አፍልታ፣ አቀዝቅዛ፣ ቢከሩን በፕላስቲክ ሸፍና ኤሌክትሮዱን በቀዳዳ ስታስገባ አገኘኋት። ቁጥሩ ከ6 በላይ ወጣ፣ ተወዛወዘ፣ እንደገና ወረደ። በእንዲህ ዓይነት ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ አዮን እጅግ ጥቂት ስለሆነ መሣሪያውም ቁጥሩን አረጋግቶ ለማንበብ ይቸገራል። ልጅቷ ግን ከእኛ ሁሉ ይልቅ ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተምራ ወጣች።

ሌላው፣ ጥያቄው «በ25 ዲግሪ» ያለው ለጌጥ አይደለም። ውሃ ሲሞቅ ይበልጥ ስለሚለያይ በ60 ዲግሪ የገለልተኛ ውሃ ፒኤች 6.5 ገደማ ይሆናል። ውሃው ያን ጊዜ አሲድ አልሆነም፤ ሃይድሮጅን አዮኑና ሃይድሮክሳይዱ አሁንም እኩል ናቸው። ፈተና ላይ «ከ7 በታች ስለሆነ አሲድ ነው» ብለው የሚወድቁ ብዙ ናቸው፣ ስማቸውን አልጠራም።

በመጨረሻም፣ 8 የምትለዋ መልስ ለምን እንደምታታልል አንድ ነገር ልበል። የፒኤች መለኪያን እ.ኤ.አ. በ1909 ያስተዋወቀው ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረን ሶረንሰን እንዲህ ጥቃቅን ቁጥሮችን በቀላሉ ለመጻፍ ስለፈለገ ነበር፤ ቅለቱ ግን መጠኑን ይደብቃል። 10⁻⁸ ሞል 6 × 10¹⁵ ያህል አዮን ነው፤ ለብቻው ሲያዩት እጅግ ብዙ ይመስላል፤ ሎጋሪዝም ሲወስዱት ደግሞ «8» የሚል አንድ አሃዝ ብቻ ይቀራል። ውሃው ከዚያ አሥር እጥፍ እንደያዘ አሃዙ አይነግራችሁም።

ቢከር ሰባሪዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ እርስዎንም ጭምር፣ የቤተ ሙከራ ረዳት፤ ስሜን ስላልጠሩልኝ።

የገባኝ መሆኑን ለማረጋገጥ ጥያቄውን ገልብጬ በአሲዱ ፈንታ 1.0 × 10⁻⁸ ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አደረግኩት። በአሮጌው መንገዴ ቢሆን ፒኤቹ 6፣ ማለትም ቤዝ ጨምሬ አሲድ አገኝ ነበር። አሁን ግን ያንኑ እኩልታ ለሃይድሮክሳይዱ ስሠራው 1.05 × 10⁻⁷ መጣ፤ ፒኤቹም 7.02 ሆነ። ከአሲዱ 6.98 ጋር ሳስተያየው ሁለቱ ከ7 በግራና በቀኝ እኩል ርቀት ላይ ቆመዋል፤ ይህ በአጋጣሚ የሚሆን አይመስለኝም።

ለመኝታ ክፍል ጓደኛዬ አሳየኋት። ቁጥሮቹን ለረጅም ጊዜ ተመልክታ «እንግዲህ ሳሙናውን ገዝተን ነው የምንታጠበው» ብላ መብራቱን አጠፋችው።