ልጄ «ዶሮ» ላይ «ኦ የት አለች?» አለችኝ

ጥያቄ፣ ከለንደን፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ልጄ 6 ዓመቷ ነው። እዚህ እንግሊዝ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሰኔ ላይ የሚፈተኑትን የድምፅ ንባብ ታውቁታላችሁ፤ 40 ቃል ነው፣ 20ው ትርጉም የሌለው ፈጠራ። እሱን በደንብ አለፈች። አማርኛ ላይ ግን «ዶሮ» ብዬ ስጽፍላት «ኦ የት አለች?» ብላ አፈጠጠችብኝ። 231ዱን ፊደል በቃሏ እስክትይዝ ልጠብቅ ወይስ በእንስሳት ተረት ልጀምር? ከአገር ቤት ያስመጣኋቸው የተረት መጻሕፍት ከበዷት።

መልስ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ከሚያስተምር፦

እህቴ፣ ልጅሽ ልክ ናት። ትምህርት ቤት የለመደችው ድምፆችን ለየብቻ ጠርቶ ማጣበቅ ነው፤ የእኛ «ዶ» ግን ተጣብቃ የተወለደች ናት። «በ» ጎኗ ላይ ጭረት ስታወጣ «ቡ» እንደምትሆን አሳያት፣ ይገባታል።

231ዱን አትጠብቂ። ልጆችን የሚጥላቸው የፊደሉ ብዛት ሳይሆን ሳድስ (ስድስተኛው ቅርጽ፣ እንደ «ብ») ነው። «ድመት» ላይ «ድ» አጭር ድምፅ አላት፣ «ት» የላትም፤ ሁለቱም ሳድስ ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያ ተረቶቼን ያለ ሳድስ እጽፋለሁ፦

ቀበሮ መጣ። ዶሮ አየ። ዶሮ ጮኸ። በሬ መጣ። ቀበሮ ሮጠ። በሬ ሳቀ።

ዶሮው ወንድ የሆነው ወድጄ አይደለም፤ ሴት ብትሆን «ጮኸች» ብለን ሳድሷን «ች» እናስገባ ነበር። በሬው ለምን እንደሳቀ ልጆቹ ሲከራከሩ ሰዓቱ ያልቃል። ቀጥሎ በግና ላም ይመጣሉ፣ ሳድሳቸው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። ድመትና ጅብ ይቆዩ።

«ጦጣ»ን «ቶታ» ካለችሽ ቀጭን ወረቀት ከከንፈሯ ፊት ያዢላት። «ተ» ስትል ይርገበገባል፣ «ጠ» ስትል እምብዛም አይነቃነቅም።

መጻሕፍቱን ግን አትጣያቸው። «ተረት ተረት፣ የላም በረት» እያልሽ አንቺው አንብቢላት። «ውሻ» ላይ «ሻ» ጠብቃ እንደምትነበብ ፊደሉ አይነግራትም፤ ከአንቺ አፍ ካልሰማችው ከየት ታመጣዋለች?

መልስ፣ ከሽቱትጋርት፦

ወንድሜ፣ ተረትህ ውስጥ አንድ ወጥመድ አለ። «አየ» ላይ ያለችው «አ» መልኳ ግዕዝ (አንደኛው ቅርጽ፣ እንደ «በ»)፣ ድምፇ ራብዕ (አራተኛው፣ እንደ «ባ») ነው። «ሀ»ም እንደዚያው። የእኔው ልጅ «ታዲያ ለምን እንደ በ አትነበብም?» ብሎ አፋጥጦኝ መልስ አጥቻለሁ። «አየ»ን በ«ሸሸ» ብትተካት?

ጠያቂዋ፦

ወንድሞቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ሸሸ»ን ወስጄያለሁ፤ ትናንት ማታ ሞከርነው። ስድስቱንም መስመር አነበበችና እርሳስ አንሥታ ሰባተኛውን ራሷ ጻፈች፦ «ዶሮ በሬ ሳመ»። «በሬን» ብዬ «ን» ልጨምርላት እጄን ሰደድኩና ተውኩት።